የእኔ ገጸ ባሕርይ ሽቲ ነው የለበሰችው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ቀን ሞባይል እየጠገንኩ ማታ ማታ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ) የምስል ሴት ነኝ። ባለፈው እትማችሁ የጃፓን ካርቱን ወጣቱን ከባህሉ ነጠለው የሚል አስተያየት አንብቤ አዘንኩ።

እኔን እጄን ያፍታታኝ ማንጋ የሚባለው የጃፓን ኮሚክ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ሐረር ላለችው አያቴ ሳሳያት «እንደ ቁርአን ነዋ!» አለችና ከእኔ ቀድማ ገባት። የፊት ስሜትን በሁለት መስመር ማሳየትን፣ ዝምታን ባዶ የሥዕል ሳጥን አድርጎ መተውን ከዚያ ተማርኩ። የምስላት ልጅ ዓይኗ ትልቅ ነው፣ አልክድም። የለበሰችው ግን የአገራችን ቀሚስ፣ ሽቲ ነው፤ የምትሮጠውም በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ አባቷ ከሠራበት ከአሮጌው ለገሃር ወደ መጋላ ነው። ይህ ባህል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የኮሚኬን ሠላሳ ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ፣ በስቴፕለር አስሬ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ጠረጴዛ ጠየቅሁ። «የልጆች ነገር ነው» ተብዬ ተመለስኩ። ቶኪዮ ውስጥ ኮሚኬት የሚባል ገበያ አለ፤ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠዓሊዎች በራሳቸው ገንዘብ ያሳተሙትን ይዘው ይሸጡበታል። የቪዲዮ ጌም አፍቃሪውም የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ስሎ ይመጣል። እኛ የጠየቅነው አንድ ጠረጴዛ ነው።

እናንተም በየሳምንቱ ለስድስት ሳጥን የሚበቃ ቦታ ስጡን። የመጀመሪያውን ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ።

ከዚራ፣ ድሬዳዋ