ከካልጋሪ እስከ ዊኒፔግ በሜዳው መንገድ

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንጻጻፍ እጅግ ቆየን፤ መልእክትሽ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የናፍቆቱን ወሬ ስንገናኝ እናወራዋለን። የጠየቅሽኝ ነገር ግን ጊዜ የሚሻ ስለሆነ በቀጥታ ወደሱ ልግባ።

«ካልጋሪ ድረስ በአውሮፕላን መጥተን፣ መኪና ተከራይተን፣ ሜዳውን እያየን ዊኒፔግ እንገባለን፤ ሁለት ቀን ይበቃል ወይ?» ብለሻል። ለመድረስ ይበቃል፤ ትራንስ ካናዳ የሚባለው 1 ቁጥር አውራ ጎዳና ከካልጋሪ እስከ ዊኒፔግ 1,300 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ትንሽ ነው። ችግሩ ያ ጎዳና በ1880ዎቹ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ መሠራቱ ነው። ባቡር አቀበት ስለማይወድ መሐንዲሶቹ ከሜዳው ሁሉ ለጥ ያለውን መርጠው ነበር። በዚያ መንገድ ብቻ ያለፈ ሰው «ፕሬሪው (ሜዳው) ባዶ ነው፣ ምንም የሚታይ የለውም» ቢል አይፈረድበትም። የሜዳው ውበት ወንዝ መሬቱን ቆርጦ በወረደበትና ኮረብታ ብድግ ባለበት ቦታ ነው ያለው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ከጎዳናው ወጣ ይላል። ስለዚህ ሰባት ቀንና ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር አስቢ። ሰባቱ ካልሞላልሽ ከቦታዎቹ አንዱን ሰርዢ እንጂ ሁሉንም በሩጫ አትንኪ።

ከካልጋሪ ወደ ምሥራቅ መነሳታችሁ ራሱ ጥሩ ነው። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ግን ያንኑ ነፋስ በግንባሩ እየገፋ ቤንዚን ይጨርሳል። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይም ዓይናችሁን አትወጋም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለውን ምረጪ። ካኖላው የሚያብበው ያን ጊዜ ነው፤ የኛ ጎመንዘር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ አበባውን ስታዪው አይጠፋሽም፣ እስከ አድማስ ቢጫ ነው። ተልባውም ሰማያዊ ሆኖ ያብባል፣ ግን አበባው ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ ይረግፋል። ጠዋት 3 ሰዓት ሰማያዊ የነበረ ማሳ 9 ሰዓት ላይ አረንጓዴ ነው (ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ምስሩ አጭር ተክል ስለሆነ ካላስተዋሉት ያልፉታል፤ የካናዳ ምስር አብዛኛው የሚበቅለው በምታልፉበት በሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር ነውና ልጆቹ ወጡ ከየት እንደሚመጣ ይዩት። አደራሽን፣ ለፎቶ ብላችሁ ማሳ ውስጥ አትግቡ። የሰው መሬት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ክለብሩት የሚባል የካኖላ በሽታ አለ፣ በጫማ ላይ በተለጠፈ አፈር ከማሳ ወደ ማሳ ይዛመታል፣ አንዴ ከገባ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከመንገድ ዳር ሆኖ ማንሳት ይበቃል፣ ከማለዳው 2 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑም ያማረ ነው።

አሁን ወደ መኪናው። አንድ ከተማ ተከራይቶ ሌላ ከተማ መመለስ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ የቀን ኪራዩን ሳይሆን ጠቅላላ ድምሩን አወዳድሪ። ሳትፈርሚ ሦስት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ውሉ ፒስታ መንገድ ላይ መንዳትን ይፈቅዳል ወይ? አንዳንድ ውል በጠጠር መንገድ ላይ የደረሰ ጉዳትን ከኢንሹራንሱ ያስወጣል፣ ከታች የምጽፍልሽ መንገድ ደግሞ ያለ ፒስታ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የፊት መስታወቱ በኢንሹራንሱ ተሸፍኗል ወይ? ከከባድ መኪና ጎማ የሚፈናጠር ጠጠር ቀድሞ የሚመታው እሱን ነው። ሦስተኛ፣ ስኮርት ጎማ አለው ወይ? ብዙ አዳዲስ መኪኖች በስኮርት ፋንታ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው የሚይዙት፤ ፈሳሹ የሚስማር ቀዳዳ ይደፍናል፣ በስለታም ድንጋይ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን አያድንም። ክሪኩም መኖሩን ግቢው ውስጥ እያለሽ ከፍተሽ እዪ።

የመጀመሪያው ቀን አጭር ይሁን። በ9 ቁጥር መንገድ ድረምሄለር 135 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማው ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ሆርስሹ ካንየን የሚባለው ቦታ ላይ ቁሚ፤ የስንዴው ሜዳ ከእግርሽ ሥር በድንገት ተቆርጦ፣ ግራጫ፣ ቡናማና ጥቁር ንጣፍ የተደራረበበት ገደል ይከፈታል። ጥቁሩ ንጣፍ የድንጋይ ከሰል ነው። በ1985 የተከፈተው ሮያል ቲሬል የዳይኖሰር ሙዚየም እዚያው ነው፤ ልጆች ይዞ ከግማሽ ቀን ባነሰ አይወጣም።

በማግስቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ዳይኖሰር ፕሮቪንሻል ፓርክ ትገባላችሁ። ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የፓርኩ ዋና ክፍል ያለ አስጎብኚ አይገባም፣ ጉብኝቱም ቀድሞ ይሞላል፤ ቦታ ሳትይዢ ከሄድሽ የምታዪው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። አጥንት ማንሳት በሕግ ክልክል ነው። ሸለቆው ሙቀት ስለሚይዝ ከላይ ካለው ሜዳ ይበልጥ ያቃጥላል፤ የእግር ጉዞውን ለማለዳ አድርጊው፣ ውሃ በሰው በቀን 4 ሊትር አስቢ።

ከዚያ በብሩክስና በመዲሲን ሃት አልፋችሁ፣ በ41 ቁጥር ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ ሳይፕረስ ሂልስ። ከ1,400 ሜትር በላይ የሚወጣ ኮረብታ ነው፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ዙሪያው ሁሉ በግግር በረዶ ሲሸፈን ጫፉ ብቻ ተርፎ ነበር። ጥድ አለው፣ ቅዝቃዜ አለው፣ በሐምሌም ማታ ሹራብ ያስለብሳል። ካርታ ላይ ከኤልክዋተር ወደ ፎርት ዋልሽ የሚወስድ አቋራጭ ታያለሽ፤ ደረቅ ካልሆነ አትሞክሪው። ዞሮ በሜፕል ክሪክ በኩል በ271 ቁጥር መግባት ይሻላል። ፎርት ዋልሽ በ1875 የተሠራ የፖሊስ ምሽግ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው አጠገብ አሲኒቦይን የሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች ተጨፍጭፈው ነበር። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ሳትነግሪ አትለፊ።

ከጉዞው ሁሉ ሁለት ሌሊት ሙሉ ስጪው የምልሽ ቦታ ግራስላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከሜፕል ክሪክ ወደ ደቡብ ወርደሽ በ13 ቁጥር በኢስትኤንድና በሾናቨን፣ ከካዲላክ ደግሞ በ4 ቁጥር ወደ ደቡብ ቫል ማሪ ትደርሻለሽ። ሾናቨን ላይ ቤንዚን ሙሊ፤ ከዚያ ወዲያ ታንከሩ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ማደያ ባየሽ ቁጥር መሙላት ነው። ፓርኩ ውስጥ ማረሻ ያልነካው ሣር አለ፤ ከገበሬው ማሳ ሁሉ በኋላ ስታዪው ሜዳው ድሮ ምን እንደነበር ይገባሻል። በ1880ዎቹ ከዚህ ምድር የጠፋው ባይሰን፣ የአሜሪካ ጎሽ የሚሉት፣ በ2005 መጨረሻ ከኤልክ አይላንድ ብሔራዊ ፓርክ ተጭኖ መጥቶ እንደገና እየረባ ነው። ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የፓርኩን ፒስታ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ንጂ፤ መሬት ውስጥ የሚኖሩት ሽኮኮ መሰል ፕሬሪ ዶጎች መንገድ ላይ ይቀመጣሉ፣ በካናዳ በዱር የሚገኙትም እዚህ አካባቢ ብቻ ነው። ከባይሰን ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፤ ጅራቱን ካቆመ ተቆጥቷል ማለት ነው፣ ከፈረስ እኩል ይሮጣል። ራትልስኔክ የሚባል መርዛማ እባብም አለና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይደረግ፣ ድንጋይ ሥር እጅ አይግባ። በክብ የተደረደሩ ድንጋዮች ካያችሁ የጥንት ነዋሪዎች ድንኳን የቆመባቸው ናቸው፤ አንዷም ከቦታዋ አትነቃነቅ። ዛፍ ስለሌለ ጥላ የለም፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ቀድመሽ ስልክሽ ላይ አውርጂ፣ የወረቀቱንም ያዢ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል ስለሆነ ልጆቹ ኮከብ ማየት ከፈለጉ ቀን ይተኙ፤ ሰማዩ በጨለማነቱ የተጠበቀ ነው።

የፒስታው ነገር ዝናብ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው በይው፤ ሲደርቅ አስፋልት ይመስላል፣ ግማሽ ሰዓት ከዘነበበት ግን ጭቃው ጎማውን ሞልቶ ይይዛል፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና እንኳ አይወጣም። ከዘነበ መጠበቅ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ከተባበሩ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይደርቃል። በደረቅ ፒስታ ከ70 አትለፊ፤ መኪና ሲመጣ ፍጥነት ቀንሰሽ ቀኝሽን ያዢ፣ ከአቧራ ውስጥ ሆነሽ ደርበሽ አትለፊ። መሪው ቢንሸራተት ፍሬን ከመርገጥ እግርሽን ከቤንዚኑ ማንሳት ነው የሚያድነው። ሐዲድ የሚያቋርጡት የገጠር መንገዶች ብዙዎቹ ምልክት እንጂ መዝጊያ የላቸውም። መኪናውንም ረጅም ደረቅ ሣር ላይ አታቁሚ፤ የጋለ ጭስ ማውጫ ሣሩን ያቀጣጥላል።

ከሰዓት በኋላ ጥቁር ደመና ወደ ላይ ሲቆለል ካየሽ በረዶ ሊጥል ይችላል። ካልጋሪ ላይ በሰኔ 2020 የወረደው በረዶ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አድርሷል። የማደያ ጣሪያ ከቀረበሽ ግቢ። ካልሆነ ከመንገድ ወጥተሽ የመኪናውን ፊት በረዶው ወደሚመጣበት አዙሪ፤ የፊት መስታወት በድርብ የተሠራ ስለሆነ ከጎንና ከኋላው ይበልጥ ይችላል። ድልድይ ሥር ጎዳና ላይ መቆም ግን አደጋ ነው፣ ከኋላ የሚመጣው አያይሽም።

ከቫል ማሪ በ18 ቁጥር ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ዉድ ማውንቴን አለ፤ ላኮታ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መሪ ሲቲንግ ቡል ከ1877 እስከ 1881 በስደት የቆየበት አካባቢ ነው። መንገዱ በከፊል የተበላሸ ስለሆነ ጠዋት የሳስካቸዋንን የመንገድ መረጃ እዪ። ጊዜ ካላችሁ የግራስላንድስን ምሥራቃዊ ክፍል ጨምሩ፣ ካልሆነ በሙስ ጆ ወደ ሬጂና ቀጥሉ።

ከሬጂና ዊኒፔግ 575 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ እንቅልፍ ስለሚያመጣ በየሁለት ሰዓቱ ሹፌር ቀይሩ። ሳስካቸዋን ሰዓቱን በዓመት ሁለቴ ስለማይቀይር በበጋቸው ካልጋሪ ካለችበት ከአልበርታ ጋር እኩል ነው፣ ዊኒፔግ ያለችበት ማኒቶባ ስትገቢ ግን አንድ ሰዓት ወደፊት ይዘላል። መኪናውን የምትመልሺው በማኒቶባ ሰዓት ነው፤ ይህን የረሳ ሰው የተጨማሪ ቀን ኪራይ ይከፍላል።

እንጀራውን ካልጋሪ ግዢ። በላስቲክ እንደታሸገ መኪና ውስጥ ካደረ አልቦ ይሻግታል፤ በጨርቅ ጠቅልለሽ በማቀዝቀዣ ሳጥን ለሁለት ቀን ያዢው፣ ለቀሪው ድርቆሽ፣ ቆሎና በሶ ይበቃል።

አሁን መጀመሪያ የምትይዢው የግራስላንድስን ማደሪያ ነው። ፓርኩ ውስጥ ፍሬንችማን ቫሊ በሚባለው ቦታ አልጋና ወለል ያላቸው ኦቴንቲክ የሚባሉ ድንኳኖች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው፤ ምዝገባው በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ ወራት ስለሚከፈት ቀኑን ከወዲሁ ቁረጪ። ቀጥሎ የዳይኖሰር ፓርኩን ጉብኝት፣ ከዚያ መኪናውን። የፓርክስ ካናዳ የዓመት ፓስ ግራስላንድስንና ፎርት ዋልሽን ያስገባል፣ የክፍለ ሀገር ፓርኮችን ግን አይጨምርም። ቀኖቹን እንደወሰንሽ ጻፊልኝ፤ ካልጋሪ የምታርፉት እኛ ቤት ነው፣ ሆቴል እንዳትይዢ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ