ቡና ሲፈላ የሚነገር ታሪክ

ክቡር አዘጋጅ፤

የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ለሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ መተዋችን ልጆቻችንን እየጎዳ ይመስለኛል። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የንጉሥ ኢዛናን ሁለት ሳንቲሞች ፎቶግራፍ አሳየኋት፤ በቀደመው ላይ ጨረቃ፣ በኋለኛው ላይ ግን መስቀል መኖሩን ራሷ አስተውላ «ማን ቀየረው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የጢሮሱ ፍሬምናጦስ በልጅነቱ ተማርኮ አክሱም ቤተ መንግሥት እንደ ገባ፣ በኋላም እስክንድርያ ላይ ከቅዱስ አትናቴዎስ የጵጵስና ማዕረግ ተቀብሎ ተመልሶ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንደ ተባለ መንገሩ ቀላል ሆነልኝ። ዓመተ ምሕረት ማስሸምደድ (እኔ የተማርኩት እንዲያ ነበር) እንዲህ ያለ ጥያቄ አይወልድም። የኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 መሰብሰቡን ብነግራትም «ወልድ ፍጡር ነው» ያለውን የአርዮስን ክርክር ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት አቅቶኛልና፣ መምህራን በአምድዎ እንዲጽፉበት ቢጋብዙልን ወላጆች እንጠቀማለን።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ