አባባ፣ የጎነደልኩት አንድ ረድፍ ብቻ ነው

ጅማ፣ ማና
ኅዳር

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለቀማው ተጀምሯል፤ እማማም ከጠዋት እስከ ማታ ከለቃሚዎቹ አልተለዩም።

«ልጅህ ቡናውን ጨፍጭፎ ጨረሰው» ብለው እንደደወሉልዎ እህቴ ነገረችኝ። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የጎነደልኩት በወንዙ በኩል ያለውን አንድ ረድፍ ብቻ ነው። ካቻምና ጥር ላይ፣ ለቀማው ሲያልቅ። ያ ረድፍ ማርጀቱን ያውቃሉ። የሚያፈራው ጫፉ ላይ ነበር፤ ለመልቀም ቅርንጫፉን በገመድ እየሳብን ነበር የምናጎነብሰው። ከጉልበት ዝቅ አድርጌ፣ ውሃ እንዳይተኛበት አዘንብዬ በመጋዝ ቆረጥኩት። አጠገቡ ያለውን ረድፍ ሆን ብዬ አልነካሁትም። ዕድሜያቸው ያው፣ አፈሩ ያው፣ ጥላቸውም ያው የሰሳ ዛፍ ጥላ ነው።

ያኔ ያልመከረኝ ሰው የለም። ጎረቤታችን «ተቆረጠ ማለት ሞተ ማለት ነው» አሉ። ቡና ሰብሳቢው «ነቅለህ ጫት ትከልበት» አለኝ። አንድ ባለሙያ ደግሞ ግማሹን ማሳ በአንዴ ጎንድለው አለ። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው፤ አልቀየምኳቸውም። ግን ማሳችን ውስጥ ገብቶ ያየ አንድም የለም። ታዲያ የማንን ልስማ? አንዱን ረድፍ ቆረጥኩ፣ አንዱን ተውኩ።

ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ወጣ። ጠንከር ጠንከር ያለውን ሁለት ሁለት ትቼ ሌላውን ቀነስኩ። አምና ምንም አልሰጠም፤ ወሬውም የበረታው ያኔ ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያው ፍሬ ቀልቷል። ብዙ አይደለም። ግን ከታች ጀምሮ ነው የያዘው፤ ልጅ እንኳ መሬት ቆሞ ይለቅመዋል። ያልተነካው ረድፍ አምና በጣም ሰጥቶ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ተኝቷል። ቡና አንድ ዓመት ካበዛ በቀጣዩ ስለሚቀንስ በዘንድሮው ብቻ አልፈርድም። የሁለቱን ረድፍ እሸት ለየብቻ እየመዘንኩ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ገና ጥቂት ዓመት ይፈልጋል።

አባባ፣ ይህን ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ነጋዴው «ደርቋል፣ ጫን» ሲል እርስዎ ዝም ብለው ጀንፈሉን ይፈለፍሉና ፍሬዋን ይነክሷት ነበር። ጥርስ ከገባባት ገና ናት። ጥርስ ከመለሰች ደርሳለች። የነጋዴውን ቃል ሰምተው ሲያስጭኑ አይቼ አላውቅም።

ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ማድረቁንም እንደዚያው ሞከርኩት። «መሬት ላይ ቢደርቅ ምን ይሆናል፣ የአባቶቻችን ነው» ብለውኝ ነበር። ከአንድ ቀን ለቀማ ከፍዬ ግማሹን መሬት ላይ፣ ግማሹን አልጋ ላይ ስስ አድርጌ አሰጣሁት። ሲደርቅ እማማ ለየብቻ ቆልተው፣ በሁለት ጀበና አፈሉልን። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለጎረቤቶቹ አልነገርናቸውም። ብዙዎቹ ያልጋውን መረጡ፤ የመሬቱን «አፈር አፈር ይላል» አሉት። አንድ ሽማግሌ ግን የለመድኩት ይኼ ነው ብለው የመሬቱን ደግመው ጠጡ። እሱንም ጽፌዋለሁ።

እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያሉት የቡና ተመራማሪዎችም የሠሩት ይህንኑ ነው። በፈረንጆቹ 1971 ፍሬውን የሚያጠቁረው በሽታ አገራችን ሲታይ፣ በታመመው ቡና መሀል ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ዘሩን ወሰዱ። ችግኙን አብቅለው በሽታውን ራሱን አስነኩት፤ የተቋቋመውን ለገበሬ ሰጡ። 74110 እና 74112 የምንላቸው የቡና ዝርያዎች የመጀመሪያው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ 1974። የታችኛው ማሳችን ቡና ከነዚህ ነው። ሳይሞክሩ የሰው ወሬ ብቻ ቢሰሙ ኖሮ ዛሬ ማሳው ምን ይመስል ነበር?

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። አንድ ሰው «ነጭ ሽንኩርት ይበቃሃል» ስላለዎ የግፊት ኪኒኑን ማቋረጥ ጀምረዋል አሉ። እባክዎ አባባ፣ በእሱ አይሞከርም። የተጎነደለ ቡና መልሶ ያቆጠቁጣል። ደም ግፊት ግን ሳያሳምም ነው ሰው የሚጥለው፣ ደህና ነኝ እያሉ። ሐኪምዎን ሳያማክሩ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳይተዉ። እህቴ በየጠዋቱ ትለካልዎና ቁጥሩን ትጻፈው፤ ለሐኪሙም ያሳዩት።

በእንሰቱ በኩል ያለውም ረድፍ አርጅቷል። እሱን ግን የተከሉት እርስዎ ስለሆኑ አልነካውም። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ለእህቴ ይንገሯትና ደውላ ትንገረኝ፤ ደብተሬ ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው። ጥር ላይ ሲመጡ አብረን አይተነው፣ ይጎንደል ካሉ እንጎነድለዋለን፤ ይቆይ ካሉም ይቆያል።

እማማን በጣም ናፍቀዋቸዋል።

ልጅዎ