ይድረስ ለበረኛዬ

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተነጋገርን ስንት ጊዜ ሆነን ብዬ ስቆጥር ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖ አገኘሁት። በየበዓሉ እኔ "እንኳን አደረሰህ" እላለሁ፣ አንተ "አብሮ ያድርሰን" ትላለህ፣ በቃ። ልደውልልህ ቁጥርህን አውጥቼ መልሼ የተውኩበት ቀን ብዙ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ከጤና ይስጥልኝ ወደ ብርዱ፣ ከብርዱ ወደ ቻው ነው የምሄደው። እንግዲህ በወረቀት ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ።

ያነሣሣኝ ያንተው ሰውዬ ነው፤ የአሜሪካ ፉትቦሉ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) ቶም ብራዲ፣ ድሮ የቦስተናችሁ፣ ኋላ የታምፓው። የዛሬ ሳምንት ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ ዕለት ስለነበር ሥራ አልገባሁም። ማታ ሰፈራችን ያለው ሬስቶራንት ከልጆቹ ጋር ተሰብስበን ጨዋታውን አየን። አንተም ቦስተን ሆነህ እንዳየኸው አልጠራጠርም። የኛ የዳላሶቹ ካውቦይስ እስከዚያ ቀን ብራዲን ሰባት ጊዜ ገጥመው ሰባቱንም ተሸንፈዋል። ገና ድሮ "አራት ለዜሮ" እያልክ ምሳዬን ስንት ጊዜ እንዳስተፋኸኝ አልረሳሁም። ስምንተኛው ላይ፣ እዚያው ታምፓ፣ በገዛ ሜዳው፣ 31 ለ14።

እውነቱን ልንገርህ፣ መደሰት ነበረብኝ። ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለጥቂት ጊዜ። ሁለተኛው ሩብ እንደተጀመረ፣ ገና 6 ለ0 እየመራን፣ ታምፓዎች መስመራችን አምስት ያርድ ላይ ደርሰው ነበር። ልጆቻችን ሲጣደፉበት ብራዲ ወደኋላ አፈገፈገና ኳሷን ለቀቃት። የወረወራት ሳይሆን የጣላት ነው የምትመስለው። የኛው ተከላካይ ኪርስ ቀለባት። ጮኽኩ፣ ጠረጴዛ መታሁ። ተመልሼ ስቀመጥ ድግግሞሹ ላይ የብራዲን ፊት በቅርብ አሳዩት። ያን ፊት አውቀዋለሁ። የት እንደማውቀው እነግርሃለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ።

በመሀል ምት መቺያችን ማኸር ከታችዳውን (ኳሷን ከመጨረሻው መስመር አሻግሮ ከማስቆጠር) በኋላ የምትመታዋን የአንድ ነጥብ ምት አራት ጊዜ ሳታት። አራት! እዚያች ቦታ ላይ እኔም በቀኝ እግሬ አገባታለሁ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ "አባዬ፣ ጡረታ የሚወጣው እሱ አይደለም እንዴ?" አለችኝና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጨዋታው አልቆ ብራዲ ኮፍያውን ወደ ተመልካቹ አንሥቶ፣ እናትና አባቱን ስሞ፣ ጋዜጠኞቹንም አመስግኖ ሲወጣ ክርክሩ ጀመረ። ወጣቶቹ ሁሉ ባንድ አፍ "ያብቃ፣ ጫማውን ይስቀል፣ ሰው እንዴት በ45 ዓመቱ ይዋረዳል" አሉ። አንዱማ "አምና ወጥቶ ባልተመለሰ" አለ። አምናን ታስታውሳለህ፤ በራምስ 27 ለ3 እየተመሩ ተነሥተው 27 እኩል ሆኑና በመጨረሻዋ ሰከንድ ምት 30 ለ27 ተሸነፉ። ፌብሩዋሪ 1 "በቃኝ" አለ፣ ማርች 13 "መጣሁ" አለ። አርባ ቀን መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ የሞተ ሰውም በአርባ ቀኑ ይታሰባል። የብራዲ አርባ የትኛው እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

እኔም አፌን ከፍቼ "ልክ ናችሁ፣ ይውጣ" ልል ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት የተናገርኩት ለማን እንደሆነ ትዝ አለኝ።

እስቲ አስቀድሜ ስለ ሰውዬው ልጨርስ፤ ስላንተ ስጀምር ኳሱ እንደሚጠፋብኝ አውቃለሁ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ሌሎቹ ትልልቅ ኳርተርባኮች እንዴት እንደወጡ ሳሰላስል ከረምኩ። ማሪኖ የመጨረሻ ጨዋታውን በጃክሰንቪል 62 ለ7 ተሸንፎ ነው የወጣው። ማሪኖን ግን በዚያ ውጤት የሚያስታውሰው ማነው? በተቃራኒው ማኒንግን ውሰድ። በ2016 ሱፐር ቦውልን፣ የፍጻሜውን ጨዋታ፣ አሸንፎ፣ ዋንጫ ይዞ፣ ሁሉም "እንዲህ ነው መውጣት" ብሎለት ወጣ። የዚያን ዓመት የመደበኛ ውድድር ቁጥሩን ግን ተመልከት፤ 9 ታችዳውን ወርውሮ 17 ጊዜ ተጠልፎበታል፣ መሀል ላይ ወንበር ላይም ተቀምጧል። ብራዲ በዘንድሮው "ውርደቱ" 25 ወርውሮ የተጠለፈበት 9 ብቻ ነው። አሸንፎ የወጣው ከተሸናፊው የባሰ ደክሞ ነበር ማለት ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ስለ ሰው ድካም ይህን ያህል የሚዋሽ ከሆነ፣ ሬስቶራንት ተቀምጠን በሱ የምንፈርደው ምን ቆርጦን ነው?

ፋቭርማ ጭራሽ ግራ ያጋባል። በ2008 ጃንዋሪ፣ በዚያ የግሪን ቤይ ብርድ፣ በተጨማሪ ሰዓት ኳሷ ተጠልፋበት በጃያንትስ ተሸነፈ። ማርች ላይ እያለቀሰ ወጣ። ከዚያ ተመልሶ በጄትስ በኩል ዞሮ ሚኒሶታ ገባና፣ 40 ዓመት በሞላበት ውድድር 33 ታችዳውን ወርውሮ 7 ጊዜ ብቻ ተጠለፈበት። "ይውጣ" ያሉት ሁሉ አፈሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ኒው ኦርሊንስ ላይ መጨረሻው ላይ ኳሷ እንደገና ተጠለፈችበትና ተሸነፈ። "አሁንስ ይውጣ" ተባለ፤ አልወጣም። በሚቀጥለው ዓመት 297 ጨዋታ ሳያቋርጥ የተሰለፈበት ሰንሰለት ተበጠሰ፣ ከሳምንት በኋላ በረዶ በሆነ ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ አበቃ። ከአንድ ሰው ሕይወት ለሁለቱም ወገን ምስክር ይወጣል።

ያንተው ኃይሌም አለ። የ2010ን የኒው ዮርክ ማራቶን ስትተርክልኝ ገና ቦስተን ነበርክ፤ ዳላስ የመጣኸው ከዚያ ወዲህ ነው። በሌሊት አውቶቡስ ሄደህ፣ ባንዲራ ለብሰህ፣ ከኩዊንስቦሮ ድልድይ ሲወርዱ ለማየት ፈርስት አቬኑ ላይ ቆምክ። መሪዎቹ መጡ፣ ገብረማርያም መጣ፣ ኃይሌ የለም። ድልድዩ ላይ ጉልበቱ ከድቶት ቆሞ ኖሯል። "ሰው እየወረደ እየወረደ አለቀ፤ እኔ ግን ድልድዩን ትቼ መሄድ አቃተኝ" ነበር ያልከኝ። ውድድሩን ያሸነፈው ገብረማርያም እኮ ነው፣ የኛው ልጅ፤ አንተ ግን ድሉን በማግስቱ ነው የሰማኸው። ኃይሌ ያኑ ዕለት "በቃኝ" አለ፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ፣ በእውነት የወጣው በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው። ያን ጊዜ አንተ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? "ጉልበቱን እያመመው የተናገረውን ቃል ማን ይቆጥርበታል!" አልክ። የተናገርከው ስለ ኃይሌ ነው። እኔ ግን ሰምቼ አልሰማሁም።

እንግዲህ ልምጣልህ።

ከኮቪድ በፊት በነበረው የመጨረሻው የጁላይ የሀበሻ እግር ኳስ ውድድር፣ አሰልጣኝ ተብዬው እኔ ነበርኩ። አንተ 42 ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ሳምንት ቀርቶሃል፤ አንተና ብራዲ የአንድ ዓመት ልጆች ናችሁ፣ በእኛ 1969። እሱ ከተጎዳው ብሌድሶ ቦታውን በተረከበበት በዚያው መስከረም አንተ ቦስተን ገባህ፤ "አብረን ነው የጀመርነው" የምትለው ለዚህ ነው። በረኛና ኳርተርባክ አንድ ዘር ነን ትል ነበር፣ ዘጠና ደቂቃ የሠራነው ተረስቶ አንዷ ኳስ ብቻ የምትቆጠርብን። ጎሏ ስትገባ እኔ መስመር ዳር ቆሜ ያየሁት አንተ ስትወጣ፣ ስትዘገይ፣ ኳሷ በብብትህ ሥር ስታልፍ ነው። ከዚያም መሬት ላይ ተቀምጠህ ወደኔ ዞርክ። ሰኞ ማታ ብራዲ ላይ ያየሁት ፊት ያ ነው።

ያን ጊዜ ወደ ቤት ሄጄ ብተኛ ምን ነበረበት! መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ልጆቹ ማልያቸውን እያወለቁ ሳለ፣ "አንተ በቃህ፣ ለወጣቶቹ ልቀቅላቸው" አልኩህ። ከጃን ሜዳ አቧራ ጀምሮ ያለውን ሠላሳ ዓመት በሁለት ቃል። አንተ ምንም አላልክም። ጓንትህን በእርጋታ አወለቅክ፣ ቦርሳህ ውስጥ ከተትክ፣ ማታ የሙዚቃው ዝግጅት ላይ አልመጣህም። በመስከረም ዕቃህን ጭነህ ቦስተን መመለስህን ከሌላ ሰው ሰማሁ።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ቤት ተዘግተን ሳለ ከልጆቹ አንዱ የዚያን ጨዋታ ቪዲዮ ላከልኝ፣ ከጎሉ ጀርባ በስልክ የተቀረጸ። ደጋግሜ አየሁት። ግራ ተከላካዩን ታስታውሳለህ? ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አውጥቼ ልጅ እግሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ጎሏ የገባችው በዚያ በኩል ነው። ልጁ ሰውየውን ለቀቀው፣ መሀል ተከላካዩም አልደረሰም፣ አንተ ብቻህን ቀረህ። ያቺ ኳስ ለሃያ ዓመት ወጣት በረኛም አትያዝም ነበር። ጉልበትህ በዚያው ሳምንት ውኃ ተቀድቶለት እንደነበር ደግሞ ባለቤትህ ለባለቤቴ ከነገረቻት በኋላ ነው ያወቅኩት። ተጠባባቂው ስላልመጣ ዝም ብለህ ነው የገባኸው።

ብራዲም ላይ ሰው የማያየው ይህንኑ ነው። በስተግራው የሚከላከልለት ማርፔት አምና በ28 ዓመቱ ጡረታ ወጣ (የ28 ዓመቱ ወጥቶ፣ የ44 ዓመቱ ተመለሰ፣ እስቲ አስበው)። ኳሷን የሚያቀብለው ጄንሰን ክረምት ላይ ተጎድቶ ገና ባለፈው ሰኞ ነው የተመለሰው። ቡድኑ ኳስ ይዞ በመሮጥ ከሊጉ የመጨረሻው ነበር። ስለዚህ 733 ጊዜ ወረወረ፤ በታሪክ ማንም በአንድ ዓመት ይህን ያህል ወርውሮ አያውቅም። በዚያው ዓመት ትዳሩ ፈረሰ። 8 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ዓመቱን ጨረሰ፣ ፕሌይኦፍም (ጥሎ ማለፉም) ገባ። ሰኞ ማታ ብቻ 66 ጊዜ ነው የወረወረው፣ በ45 ዓመቱ።

ታዲያ ይውጣ ወይስ ይቆይ ብትለኝ፣ ለማስደሰት ብዬ አልዋሽህም፤ ይውጣ ነው የምለው። በሰኞው ውጤት ግን አይደለም። ክንዱ አሁንም ደህና ነው። ዓመቱን ሙሉ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ገና ሳይነኩት ኳሷን ይለቃታል። ድሮ ሰው እየመጣበት ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ ተመትቶ ይወድቅ ነበር፣ ኳሷ ግን ትደርስ ነበር። አሁን ሰውነቱ ከሱ ቀድሞ "ይቅርብህ" ይለዋል። ይህን የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው። ሦስት ልጆች አሉት፣ ፎክስ ቴሌቪዥንም ወንበር ይዞ እየጠበቀው ነው። ሲፈልግ ይናገር፣ ዛሬም ይሁን በአርባ ቀኑ።

ላንተም ጉልበትህ አልቆ ነበር፤ ይህን ዛሬም እላለሁ፣ ልትቆጣኝም ትችላለህ። ግን አንተ ልትነግረኝ የሚገባህን እኔ ቀድሜ ነገርኩህ፣ ያውም በዚያ ምሽት፣ ያውም የራሴን ጥፋት ባንተ ላይ ጭኜ። ይቅርታ የምለው ለዚህ ነው።

የኛንም ጉድ ሰምተህ ስቀህ ይሆናል። ትናንት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 19 ለ12 ተሸንፈን ወጣን። የማኸር የመጀመሪያዋ ምት አሁንም አልገባችም፣ ተጨናገፈች። በመጨረሻዋ ሰከንድ ሯጫችንን ኤሊየትን ኳስ አቀባይ አድርገው አቆሙትና በጀርባው ተዘረረ። እንደፈለግክ ስደበኝ፣ አሁን ሰባት ለአንድ ነው።

ሱፐር ቦውል ፌብሩዋሪ 12 አሪዞና ነው። ማንም ይድረስ ማን እኔ ቤት ነው የማየው፤ ባለቤቴ ክትፎ አለ ብላለች፣ ሶፋውም አልጋ ይሆናል። ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ። ልየው ካልክ እልክልሃለሁ፣ አልፈልግም ካልክ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።

ልጆቹን ሳምልኝ። እማማንም፣ አዲስ አበባ ስትደውል፣ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ