የአባባ ጉልበት

ውድ እህቴ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼብሽ ዛሬ ድንገት ስጽፍልሽ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። እማማ ያረፉ ጊዜ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አንስቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት፤ በማግስቱም እንደዚያው። ቀኑ በራቀ ቁጥር ኀፍረቱ እየባሰ ሄደ። ሌላ ሰበብ የለኝም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ። የቀረውን ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናለቅሰዋለን።

አሁን አንድ ጉዳይ ገጥሞኛል፤ ከአንቺ በቀር የሚሆነኝ ሰው የለም። አባባ ሊመጣ ነው! «የእነሱን አገር በእግሬ አልረግጥም» ሲል የኖረው አባባ ቪዛ ተመታለት። ለጰራቅሊጦስ ሮም ይገባል። ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም።

የጨነቀኝ ጉልበቱ ነው። በስልክ ስጠይቀው «ምን ሆንኩና!» ብሎ ወሬ ይለውጣል። ሮም ደግሞ በእግር የምትታይ ከተማ ናት፤ መንገዷ ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ስለሆነ ጤነኛውንም ያደናቅፋል። የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ከወዲሁ ሰርዤዋለሁ፤ እስከ ጫፍ 551 ደረጃ ነው፣ ሊፍቱም የሚያደርሰው እስከ መንገዱ አጋማሽ ገደማ ብቻ ነው። ከታች ሆኖ ያየዋል። እሱን የሚያጓጓው ከባዚሊካው ጀርባ ያለችው ትንሿ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ናት። ሰሌዳው ላይ «አባ ጎርጎርዮስ» ብሎ ጽፎ ስሙን እስክንይዘው አላስወጣን ያለበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ሊቁ አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 ቋንቋችንን ካጠናው ጀርመናዊ ከሉዶልፍ ጋር የተገናኘው እዚሁ ሮም ነው፤ ከእሱ መቶ ዓመት በፊት ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተመው እዚሁ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ስለሆነች እንዲሁ አይገባባትም። አንድ ካህን አስፈቅድልሻለሁ ብለውኛል፤ ስለዚህ እንዳትነግሪው፣ ካልተሳካ ያዝናል።

የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የነበረውን፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ፓንቴዮንን ግን የግድ አሳየዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ከሥራ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና 5 ዩሮዬን ከፍዬ ገባሁ። ጉልላቱ መሀል ላይ ክዳን የሌለው ክብ ቀዳዳ አለው፤ ዝናቡም በእሱ በኩል እንደ ነጭ ክር ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር። ወለሉ መሀሉ በመጠኑ ጎበጥ ያለ ነው፤ ውኃው ወደ ዳር ይልና በእብነ በረዱ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ ይጠፋል። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካኋቸው። አባባ ትዝ አለኝ። ሲሚንቶውን በእጁ አቡክቶ ቤታችንን ሲሠራ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ኮርኒሱ ሲያፈስ፣ አንቺና እኔ ሳፋ ስንደረድር። ይህኛው ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ብረት ባልገባበት ኮንክሪት የተሠራ ነው፤ ስፋቱ ከ43 ሜትር በላይ ነው፣ ከወለል እስከ ቀዳዳው ያለው ቁመትም ያንኑ ያህል። እንዳይከብድ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ቅጥነቱን ጨምረው ድብልቁን በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሠርተውታል። አባባ ይህን ሲሰማ የሚያሳየውን ፊት ማየት እፈልጋለሁ። በጰራቅሊጦስ ዕለት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጣሪያው ላይ ወጥተው በዚያ ቀዳዳ ቀይ የጽጌረዳ ቅጠል ይበትናሉ። አባባን ከሥሩ አቆመዋለሁ።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው... የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ። ሚያዝያ 1997 ሐውልቱ ሲመለስ ራዲዮኑን ታቅፎ እንዴት እንዳለቀሰ አይተሻል። ከቦታው ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ሕንፃ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያለበት፣ ሲጀመር ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር የታሰበ ነው። እዚያ ወስጄው ሆዱን ባስብሰውስ እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ። በመጨረሻ ግን እወስደዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ፤ ምክንያቱ አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ በማራቶኑ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው እዚያ ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ ብቻውን ሮጠ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! አባባ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ሰፈር ውስጥ ችቦ ሲያበራ፣ እዚህ በአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ለአበበ ያበሩለት ነበር። ይህን ለአባባ ነግሬው አላውቅም። እዚያው ቆመን ልነግረው ነው።

ባለፈው እሑድ መንገዱን ሞከርኩት። ቀጥ ያለ ነው፣ ዳገትም የለው፣ የመንገዱ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ። ቀስ ብዬ፣ በአባባ እርምጃ፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ቅስቱ ጋ ስትደርሺ ኮሎሲየም ከጎንሽ ነው፤ ከመግቢያዎቹ በላይ የተቀረጹት የሮማውያን ቁጥሮች እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ ያኔ ሕዝቡ በዚያ ነበር በሩን የሚለየው። ቁጥሮቹን እሱ ራሱ ያንብብልኝ።

ስለዚህ እባክሽ፣ በዚህ ሳምንት ቡና ልጠጣ ብለሽ ሂጂለት። አንቺን እንደሆነ እምቢ አይልም፤ ከእኔ ይልቅ ለአንቺ እንደሚያደላ ሁልጊዜ እናውቃለን። ከዚያ ሸኙኝ በዪውና እስከ አስፋልቱ አብራችሁ ሂዱ። ስንት ጊዜ ቆሞ እንደሚያርፍ ቁጠሪልኝ። ወሬ የጀመረ መስሎ ከቆመም ቁጠሪው። ሲገባ ደግሞ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ገልብጠሽ ቁጥሩን እዪልኝ። እኔ ከጠየቅኩት አትግዢ ይለኛል።

ቡናውን ስትጠጡ እማማ የሚወዱትን ጀበና አውጡት።

በናፍቆት፣
እህትሽ፣ ከሮም