የሳምቦ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ መጀመሪያ መውደቅን እንማራለን

ሳምቦ የተባለው የትግል ስፖርት ስም «ያለ መሣሪያ ራስን መከላከል» የሚል ፍቺ ካላቸው የሩስያኛ ቃላት ተቆራርጦ የተገጣጠመ ነው። ዘገባዬን በስሙ ፍቺ የምጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ክበቡ በጥቅምት ወር ሥራ ከጀመረ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው «ተማሪዎችን ድብድብ ያስተምራል» የሚል ቅሬታ ከጥቂት ወላጆች ቀርቦበት ስለነበር፣ ይህን መጽሔት የሚያነብ ወላጅ ሁሉ በዓመቱ ውስጥ የሠራነውን ከእኔ ከራሴ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

እኔ ሳምቦን የተማርሁት ከ1979 እስከ 1984 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት፣ በቮሮኔዥ ከተማ የፊዚክስ ትምህርቴን ስከታተል ነው። አሠልጣኛችን ለሁለት ወር ያህል ከመውደቅ በቀር ምንም ነገር አላስተማሩንም። ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ በትከሻ ተገልብጦ፣ አገጭን ደረት ላይ አጣብቆ፣ መሬቱን በክንድ ሙሉ እየመቱ መውደቅ ነበር ሥራችን። ሩስያውያን ይህን የሚጠሩበት ቃል «መድን» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው በመሆኑ፣ እኔም ለልጆቹ «ለራስ መድን መግባት» ብዬ ተርጉሜላቸዋለሁ። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ግፊት የምናገረው ሁሉ እዚህ ላይ በሥጋ ይታያል፤ የአወዳደቁ ኃይል በአንድ ክርን ላይ በቅጽበት ከሚያርፍ ይልቅ በጀርባና በክንድ ስፋት ላይ ሲከፋፈል፣ ጊዜውም ጥቂት ሲረዝም፣ አጥንት አይሰበርም።

በዓመቱ 31 አባላት ነበሩን፤ ከእነርሱም 12ቱ ሴቶች ናቸው። ዘወትር ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9፡30 በኋላ ተገናኝተናል፤ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ተመርጠዋል፤ ቃለ ጉባኤዎቹም በክበባት አስተባባሪ ቢሮ ይገኛሉ።

የቦታው ነገር ግን በቃለ ጉባኤ የሚያልቅ አልነበረም። የአዳራሻችንን ሲሚንቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንጨት ቤት ያላቸው አንድ ወላጅ አሥር ማዳበሪያ ሰጋቱራ ሰጡን፤ ተማሪዎቹ ድርብ ሸራ ሰፍተው ሰጋቱራውን በውስጡ ጠቅጥቀው ምንጣፍ አበጁ፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊትም ሰጋቱራው ወደ አንድ ጥግ እንዳይሸሽ አራት ልጆች በጉልበታቸው እየዳሁ ያስተካክሉታል። የሳምቦ ጃኬት ለመያዣ የሚሆን እንደ ክንፍ የቆመ የትከሻ ላይ ስፌት አለው፤ ቀበቶውም በጃኬቱ ወገብ ቀዳዳዎች ስለሚያልፍ ሲጎተት ከቦታው አይንሸራተትም። ልብስ ሰፊው ይህን በሥዕል አይቶ ስምንት ጃኬቶችን ከካኪ ሰፋልን። የመጀመሪያው እጅጌ በሦስተኛው ቀን ተቀደደ። አሁን ሁሉም ትከሻቸው ላይ በሁለት እጥፍ ሸራ ተደግፈዋል፤ 31 ተማሪዎችም በየተራ ይለብሷቸዋል።

በታኅሣሥ ወር አንዲት አባላችን ከምንጣፉ ጠርዝ ውጭ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተጎዳ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው፤ በጠባብ ምንጣፍ ላይ ሁለት ጥንድ በአንድ ጊዜ ማሰለፍ አልነበረብኝም። ልምምዱ ለሦስት ሳምንት ታገደ፤ ተማሪዋ ግን እጇ እንደዳነ የተመለሰችው ከሁሉ ቀድማ ነው።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ክበቡን አልበተንሁትም። በመማሪያ ክፍል ተሰብስበን የሳምቦን ታሪክ ተነጋገርን። ቮሮኔዥ ሳለሁ መሥራቹ አናቶሊ ካርላምፒየቭ ብቻ እንደሆነ ይነገረን ነበር፤ የቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭን ስም የሰማሁት ወደ አገሬ ከተመለስሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ኦሽቼፕኮቭ በሳካሊን ደሴት ከግዞተኛ እናት ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ፣ ጃፓን ውስጥ በነበረው የኦርቶዶክስ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው። እዚያም ጁዶ የተባለውን የጃፓን ትግል፣ መሥራቹ ካኖ ጂጎሮ ባቋቋመው ኮዶካን በተባለው ትምህርት ቤት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ጥቁር ቀበቶ አገኘ። ወደ አገሩ ሲመለስ ያን ጥበብ ለወታደሮችና ለተማሪዎች አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1937 ለጃፓን ሰላይ ነህ ተብሎ ተያዘና በጥቂት ቀናት ውስጥ እስር ቤት ሞተ። ትግሉ በይፋ የሶቭየት ስፖርት ተብሎ የታወቀው በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1938 ነው፤ የእርሱ ስም ግን አልተነሣም። ሌላው የሳምቦ መሥራች ቪክቶር ስፒሪዶኖቭ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የቆሰለ ስለነበር፣ ከጉልበት ይልቅ ብልሃት የሚበዛበትን መንገድ ያዘ። ካርላምፒየቭ በበኩሉ የጆርጂያን፣ የኡዝቤክን፣ የታጂክን ባህላዊ ትግሎች አጥንቶ ጨመረበት። ይህን ስንናገር አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በአያቶቹ አገር እረኞች በከብት ማሰማሪያ ሲታገሉ የሚጠቀሙበትን የእግር ጠለፋ ተነሥቶ አሳየን። ጠለፋው ከእኛ መልመጃ ጋር አንድ ነበር፤ አሁን በልምምዳችን ውስጥ ገብቷል።

እገዳው ከተነሣ በኋላ በጥር ወር፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ጠዋት 24 ተማሪዎችን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። እስከ ሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግራችን ሄድን። ከባሕር ዛፉ መካከል ሣር ያለበት ገላጣ ቦታ አገኘን፤ ድንጋዩን ለቅመን ጨረስን፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ጠርዝ በሌለው ምንጣፍ ላይ ታገልን። በዚያ ከፍታ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ስለዚህ ግጥሚያዎቹን ከአምስት ደቂቃ ወደ ሦስት አሳጠርኋቸው።

ስለ አንድ ግጥሚያ መጻፍ አለብኝ። አንዱ ተጋጣሚ ቀጭን የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። በጥቅምት ወር በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ክበቡን ለምን መረጥህ?» ለሚለው ጥያቄ «የሚመቱኝን ለመምታት» ብሎ ነበር የመለሰው፤ ቅጹ አሁንም አለ። ሌላው የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በጓደኞቹ ዘንድ የተከበረ ነው። ትልቁ ትንሹን አንሥቶ ጣለው፤ ትንሹም እንደተማረው ወደቀ፤ ነገር ግን ሲወድቅ የያዘውን ክንድ አልለቀቀም። እግሮቹን በትልቁ ደረት ላይ አሳልፎ፣ የትልቁን ክንድ በራሱ ደረት ላይ አጣብቆ፣ ዳሌውን ቀስ በቀስ ከመሬት ያነሣ ጀመር። በእኛ ደንብ እንዲህ የተያዘ ሰው መሬቱን በመዳፉ መታ መታ ካደረገ፣ ተሸነፍሁ ማለት ነውና፣ ግጥሚያው ያልቃል። ትልቁ ጓደኞቹን እያየ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ግንባሩ ላይ የቆመው ሥር ይታየኝ ነበር። ፊሽካውን ወደ አፌ ሳደርስ፣ ትንሹ ቀና ብሎ የተጋጣሚውን ፊት አየና ክንዱን ለቅቆ ተነሣ።

ትልቁ «አልተሸነፍሁም እኮ፤ ለምን ለቀቅኸኝ?» አለው።

ትንሹ ሣሩን ከጉልበቱ እያራገፈ «አውቃለሁ። ሰኞ ግን ፈተና አለብህ፤ በምን ትጽፋለህ?» አለው።

በጣለበት ነጥብ ምክንያት መዝገባችን ላይ አሸናፊ ሆኖ የተጻፈው ትልቁ ነው። ያን ዕለት ግን ወደ ዛፎቹ ፊቴን አዙሬ ጥቂት መቆም አስፈልጎኛል። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ከአባላቱ መካከል በኩራት መሬት ሳይመታ የቀረ የለም፤ ቀድሞ የሚመታውም ያ ትልቁ ልጅ ነው።

«ድብድብ» ላሉን ወላጆች ያለኝ መልስ ይህ ነው። ቡጢና እርግጫ ያለበትን የሳምቦ ዓይነት አናስተምርም። ማነቅ በስፖርት ሳምቦ ክልክል ነው። በስፖርቱ የተፈቀደውን የእግር ቆለፋ እንኳ፣ ጉልበታቸው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ፣ እኔ በራሴ ውሳኔ አስቀርቼዋለሁ። በሚያዝያ ዝናብ ከታክሲ ስትወርድ ያዳለጣት አባላችን በማግሥቱ ሮጣ መጥታ «መምህር፣ አገጬን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደቅሁ!» አለችኝ። ምንም አልሆነችም።

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሳምቦ ሙሉ ዕውቅና ሰጥቷል። በእኛ ትምህርት ቤት ግን ክበቡ በዓመቱ ያገኘው በጀት የሁለት ጃኬት ስፌት ብቻ ሸፍኗል፤ ሌሎቹ ስድስት የተሰፉት ከመምህራንና ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን በየዓመቱ አዲስ መለያ ሲያገኝ ደስ ይለኛል፤ ልጆቻችን ናቸውና። ነገር ግን ኳስ የሚጫወት ልጅ ሜዳ አለው፤ የእኛ ልጆች የሚወድቁት ሲሚንቶ ላይ ነው። ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው እውነተኛ የስፖርት ፍራሽ፣ ቢያንስ ለአንድ ጥንድ የሚበቃና ዙሪያውን ሁለት ሜትር ትርፍ ያለው፣ እንዲሁም ተጨማሪ አሥር ጃኬቶች ነው። ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ ያላችሁ ወላጆችም ብትሰጡን ለጠርዙ ይሆነናል።

የሰጋቱራው ምንጣፍ በክረምቱ እርጥበት እንዳይበሰብስ ተፈትቶ፣ ሰጋቱራው በፀሐይ ደርቆ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው መጋዘን በጣውላ ላይ ተቀምጧል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።