ካሜራው የተገጣጠመው ታይላንድ ነው፤ አትደንግጥ

ውድ ቤተሰቦቼ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው፤ የዛሬው ወሬ ግን የሚበዛው ለወንድሜ ነው። አባዬም ያንብበው፤ የፋብሪካ ነገር ይወዳል።

ወንድምዓለም፣ መልእክትህ ደርሶኛል። «የጃፓን ካልሆነ እንዳትልኪልኝ፣ የታይላንዱ ፎርጅድ ነው» ብለሃል። ውሎዬ የተበላሸ ካሜራና ላፕቶፕ መፍታት ስለሆነ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም።

የጃፓኑ ካሜራ ሠሪ ኒኮን ታይላንድ ውስጥ፣ አዩታያ ላይ ፋብሪካ ያቋቋመው በ1990 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። በ2021 ደግሞ ጃፓን፣ ሰንዳይ የነበረውን የካሜራ መገጣጠሚያ ዘግቶ ሥራውን ወደዚያው አዛወረ። ዜድ 9 የሚባለው፣ የስፖርትና የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺዎች የሚሸከሙት ውድ ካሜራ፣ የታይላንድ ሥራ ነው። ታይላንድን አልፈልግም ካልክ የኒኮንን ምርጥ ካሜራ አልፈልግም ማለትህ ነው።

ውስጡን ስታየው ደግሞ ይገባሃል። በቀድሞዎቹ ኒኮኖች ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራው ክፍል) ያለው ርቀት 46.5 ሚሊሜትር ነው። ሴንሰሩ በአንድ ጎን ትንሽ ካዘነበለ፣ የሚሊሜትር መቶኛ በምትለው ልክ እንኳ ቢሆን፣ የፎቶው አንድ ጥግ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንዳንዱ ካሜራ ላይ በብሎኖቹ ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ ብረት ይገባል። አንዱ ብሎን ሥር ወፈር ያለ፣ ሌላው ሥር ቀጠን ያለ ታገኛለህ። ፋብሪካው ውስጥ ያ ካሜራ ተለክቶ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ውፍረት ተመርጦለታል ማለት ነው። ከዚያ ብሎኑ እንዳይላላ ጫፉ ላይ ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ካቻቢቴ አልነካውም። ያገለገለ ካሜራ ስትገዛ ይህን አስታውስ። እኔ ያቺን የቀለም ጠብታ ባየሁ ቁጥር ያደረገውን ሰው አስበዋለሁ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

በጥቅምት 2011 ጎርፍ አዩታያን ሲያጥለቀልቅ የኒኮን ፋብሪካ ሥራ አቆመ። የሶኒም እንደዚሁ፤ አዲሱ ኤንኢኤክስ 7 ካሜራው ዘገየ። እዚያው አካባቢ የዌስተርን ዲጂታል የሃርድ ዲስክ ፋብሪካ ውኃ ገባበትና በመላው ዓለም የሃርድ ዲስክ ዋጋ ተሰቀለ። አየህ፣ «ርካሽ ጉልበት ያለበት ቦታ» ብለው የሚያልፉት አገር እጁን ሲያጥፍ የዓለም ኮምፒውተር ሻጭ በሃርድ ዲስክ እጦት ተቸገረ።

አንተ የምትመኘው የጀርመኑ ካሜራ ላይካ እንኳ ከ1973 ጀምሮ ፖርቱጋል ውስጥ ፋብሪካ አለው። ብዙው የክፍሎች ሥራ እዚያ ያልቅና የመጨረሻው ገጠማ ጀርመን፣ ቬትስላር ላይ ይሆናል። የሚጻፍበት ግን ጀርመን ነው።

የኮምፒውተሩም ታሪክ ይኸው ነው። የቻይናው ሌኖቮ በ2005 የአሜሪካውን አይቢኤም የግል ኮምፒውተር ክፍል ሲገዛ፣ ስለ ላፕቶፑ «ቲንክፓድ የቻይና ሆነ፣ አበቃለት» ተብሎ ነበር። ቲንክፓድ ግን በአይቢኤም ስምም እያለ ቻይና፣ ሼንዘን ይገጣጠም ነበር። ዲዛይኑን የሚያወጡት የጃፓን መሐንዲሶችም ከሽያጩ በኋላ ሥራቸው ላይ ነበሩ።

አባዬ «ታዲያ ለምን አገራቸው አይሠሩትም?» ማለቱ አይቀርም። ደመወዙ አንድ ምክንያት ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። አፕል በ2013 ማክ ፕሮ የሚባለውን ኮምፒውተር አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ላይ ሲሠራ በብሎን ተቸገረ። ልዩ ብሎን የሚያቀርብለት ወርክሾፕ በቀን ከ1,000 በላይ ማውጣት አልቻለም። ቻይና ውስጥ ግን ብሎን ሠሪው፣ የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) ሠሪውና ገጣጣሚው ጎረቤታሞች ናቸው። ዛሬ ያዘዝከው በብዛት ወዲያው ይደርስሃል። እንዲህ ያለ ሰፈር በአንድ ውሳኔ አይገነባም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ2010 ለአፕልና ለሌሎች ዕቃ የሚገጣጥመው ፎክስኮን ሼንዘን ባለው ፋብሪካው ብዙ ወጣት ሠራተኞች ከፎቅ እየዘለሉ ሞቱ። ኩባንያው ደመወዝ ጨመረ፤ በሕንጻዎቹ ዙሪያም መረብ ዘረጋ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር ለሥራ የመጡ፣ የፋብሪካ ማደሪያ ውስጥ የሚኖሩ፣ ገንዘብ ወደ ቤት የሚልኩ ልጆች ናቸው። ከቤት ርቆ መሥራት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁና ዜናውን እንደ ሩቅ ነገር ማንበብ አልቻልኩም። ሰው «ቻይና ነው?» ብሎ ዕቃውን ሲንቅ ሠራተኛውንም አብሮ ይንቃል። ስንት ሰዓት ሠራ፣ ማታ የት አደረ፣ ምን ተከፈለው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንተ ጠይቅ፤ ፎቶ አንሺ ልትሆን አይደል?

ለማንኛውም የታይላንዱን ገዝቼልሃለሁ። ሲደርስህ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ዘርግተህ ለጥፍ። ካሜራውን በትክክል ፊት ለፊቱ አቁመህ አንሳው፤ ከዚያ አራቱንም ጥግ አጉልተህ እይ። አንዱ ከደበዘዘ ሌንስ ቀይረህ ድገመው። ያው ጥግ እንደገና ከደበዘዘ ችግሩ ከካሜራው ነው፤ ቶሎ ንገረኝ፣ ዋስትናው ሳያልቅ አስቀይረዋለሁ። ሳጥኑንና ደረሰኙን እንዳትጥል።

እማዬንና አባዬን ሳምልኝ።

የምትወድህ እህትህ